ፖለቲካን ከጽዋው ሳናባርር፦ የአንድ ማኅበር አካሄድና የተበላሹብን ነገሮች

ማኅበራችን የቅዱስ ሚካኤል ነው፤ ዐሥራ ሁለት ነን። ሙሴነቱን፣ ማለትም የማኅበሩን መሪነት፣ ስረከብ አባላቱ አንዱ ሌላውን በብሔሩና በሚከታተለው ቻናል እየመደበ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደርሰው ነበር። ብዙ ማኅበር እንዳደረገው «እዚህ ፖለቲካ አይወራም» ማለት ይቻል ነበር። እኛ ግን ሥርዓት አበጅተንለት አስገባነው። ዐሥር ወር ፈጅቷል። ሌላ ማኅበር መሞከር ቢፈልግ፣ አካሄዱ ይኸውና።

መጀመሪያ ስሙ። «የውይይት ክበብ» እንዳትሉት። በደርግ ጊዜ በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ በግዴታ የተቀመጡ ሰዎች ያን ስም ሲሰሙ አፋቸውን ይዘጋሉ። እኛ ዝም ብለን «ከዳቦው በኋላ» እንለዋለን።

ወሩ በገባ በ12 የሚውለው በዓል ብዙ ጊዜ በሥራ ቀን ስለሚሆን ጽዋውን ወደሚቀጥለው እሑድ አዛወርነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት። ጸሎቱ፣ ዳቦውና ጠላው 45 ደቂቃ፣ ወሬው 70 ደቂቃ። ከቤተሰብ ጋር ለሃያ ሰው የ3 ኪሎ ዱቄት ድፎ ይበቃል። ዳቦው የሚቀድመው ለበረከቱ ብቻ አይደለም፤ የራበው ሰው ይቸኩላል። ጠላው እስከ ወሬው ማብቂያ ከአንድ ጣሳ አያልፍም። ስልክ ሁሉ በር ላይ ባዶ መሶብ ውስጥ ይገባል። ይህን ለጨዋነት የደነገግነው የመሰለው ነበር፤ አይደለም። አንዱ «ይኸው ቪዲዮው» ብሎ ካወጣ ክርክሩ ከጎረቤቱ ጋር መሆኑ ይቀርና ከማያውቀው ተናጋሪ ጋር ይሆናል።

ትልቁ ስሕተታችን በሳምንቱ ዜና መጀመራችን ነው። ሁለቴ ሞከርን፣ ሁለቴም ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ተነሣን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ዛሬ የሚሆነውን ማንም አጥርቶ አላየውም፤ ስለዚህ ሰው የሚሟገተው ስላየው ሳይሆን ስለፈራው ነው። ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ጀመርንና የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ከአርባ ዓመት በላይ ለሆነው ነገር ብቻ ሰጠን።

የአንደኛው ወር ርእስ 1969 ዓ.ም. ነበር፤ የቀይ ሽብር ዘመን። ወረቀት ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ በኩል የዘመኑ ስድብ ይጻፋል፦ አናርኪስት፣ አድኃሪ፣ ሰርጎ ገብ፣ ፋሽስት። በቀኝ በኩል እያንዳንዱ ራሱ በያዝነው ወር የተጠቀመበትን ስም ይጽፋል፤ የራሱን እንጂ የሌላውን አይደለም። ወረቀቱ አይነበብም፤ የጻፈው ሰው ራሱ ይዞት ይሄዳል። ቀጥሎ ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት የዘመኑ ሁለት ፓርቲዎች ይነሣሉ። ሁለቱም ከአንድ የተማሪ እንቅስቃሴ የወጡ፣ ያንኑ የማርክስና የሌኒን ጽሑፍ ያነበቡ ልጆች ነበሩ። አንዱ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ጠየቀ፣ ሌላው ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ ሰጠ። በዚህ ልዩነት መገዳደል ከተቻለ፣ በእኛ ልዩነት መገዳደል አይቻልም የሚል ሰው በዚያ እሑድ አልነበረም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ወር የእምነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ይህ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ጣሊያን አዲስ አበባ ላይ በጥይት የገደላቸውን አቡነ ጴጥሮስን ሁሉም ያውቃል። ብቻቸውን ካነሣችኋቸው ግን ወሬው ስብከት ሆኖ ያልቃል። አጠገባቸው አቡነ አብርሃምን አስቀምጡ፤ ጣሊያን በ1930 ከእስክንድርያ ለነጠለው ቤተ ክርስቲያን አለቃ መሆንን የተቀበሉ ጳጳስ ናቸው። ቆቡ ያው ነው፣ መስቀሉም ያው። ያን ጊዜ ጥያቄው «እምነት ያለው ማነው?» መሆኑ ቀርቶ «እምነቱን ማን ያዝዘዋል?» ይሆናል። እኔ ከዚህ የያዝኩት መልስ ይህ ነው፦ ሰው ከፓርቲም ከብሔርም በላይ መልስ የሚሰጥበት ችሎት ካለው ለሁለቱም «እምቢ» ማለት ይችላል። እምነቱ የወገኑ ዓርማ ከሆነ ግን ጨርሶ እምነት ከሌለው ሰው ይልቅ የታሰረ ነው።

በሦስተኛው ወር የመካነ ኢየሱስ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን አነሣን፤ «የመካነ ኢየሱስ ሰው በሚካኤል ጽዋ?» የሚል ተቃውሞ ተነሣ። መፍትሔው እሳቸውንና ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን በአንድ እሑድ ማንሣት ነው። ሁለቱንም የገደለው አንድ መንግሥት ነው፤ ሁለቱም በ1971፣ ሁለቱም ደርግ እስኪወድቅ ድረስ መቃብራቸው ሳይታወቅ። ቄስ ጉዲና ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ምእመናኔን ትቼ አልሄድም ብለው ነው የቀሩት። ተቃውሞው እዚያው ቆመ። የአራተኛው ወር ርእስ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ነው፤ ሙስሊሞች ለእኩልነት አዲስ አበባ ላይ ሲሰለፉ ክርስቲያኖች አብረዋቸው ወጡ። ይህ ወሬ አጭር ነው፤ ክርክር የለበትም።

ከአምስተኛው ወር ጀምሮ የዛሬው ጉዳይ በበላ ልበልሃ፣ በድሮው የሙግት ሥርዓት፣ ይገባል። ስለ ባህል መላሸቅ ሲወራ ልብስና ዘፈን ይነሣል፤ ከሁሉ በላይ የጠፋብን ግን መሟገቻ ሥርዓታችን ነው። ድሮ መንገደኛ ጥላ ሥር ዳኛ ተደርጎ ይቀመጥ ነበር፣ ተሟጋቹም ማር ወይም በቅሎ ይወራረድ ነበር። እኛ ያወጣነው እንዲህ ነው፦ ሁለት ተሟጋች፣ ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ። ከመመለስህ በፊት የባላንጣህን ነገር ትደግማለህ፤ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪልህ መልስ የለህም። አንዳንዱ ሦስቴ ይደግማል። ውርርዱ 1 ኪሎ ማር ነው፤ የተረታው ማሩን ለቀጣዩ ተረኛ ለብርዝ ይሰጣል። ዳኛው በዕጣ ይወጣል፤ ሙሴው ዳኛ ከሆነ የተረታው ሰው የሚያኮርፈው ማኅበሩን ነው። የንስሐ አባታችንም አይዳኙም፤ የሳቸው ቃል ክርክር ይዘጋል እንጂ አይፈታም።

መዝለፍ የፈለገ በሰምና ወርቅ ብቻ ይዝለፍ አልን። ከዐሥራ ሁለታችን ሁለት መስመር መግጠም የቻሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ከስልሳ በላይ። የቀረነው ዝም አልን፤ ሕጉም የሠራው በዚህ ነው።

ሌሎች የተበላሹብን ነገሮች። የቴሌግራም ቡድን ከፈትን፤ በእሑድ የሰከነው ማክሰኞ ሲፈላ አየንና ዘጋነው። አሁን የተረኛው ቤት አድራሻ በስልክ ተደውሎ ይነገራል። የቅዱሳንን ስም ማስረጃ ማድረግም ከለከልን፤ «ሚካኤል ሰይፉን የመዘዘው ለእኛ ነው» ያለ ደቂቃው ይቀነስበታል። ይህን ሕግ መጀመሪያ ብናወጣው ኖሮ አንድ እሑድ ይተርፍልን ነበር።

ሁለት ሰዎች ጥለውን ወጥተዋል። ስማቸውን ከተራው አልፋቅንም፤ ወራቸው ሲደርስ ጽዋው በራፋቸው ድረስ ይሄዳል። አንዱ ተቀብሎ ደግሷል። ሌላው በር አልከፈተም፤ ቀጣዩ ተራው የሚደርሰው በግንቦት ነው።