ተራ አስከባሪው የት ይቀመጣል?

ፋን ፊክሽን ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የውጭ ፊልምና የውጭ መጽሐፍ ነው። አድናቂው የታወቀ ጠንቋይ ወይም የታወቀ ጀግና ይዋስና የራሱን ታሪክ ይቀጥልበታል። እኔም መጻፍ የጀመርኩት እንደዚያ ነበር። ግን ሐረር ቁጭ ብዬ ለማን ላንብበው? እናቴ ጠንቋዩን አታውቀው፣ ባልደረቦቼ ስሙን እንጂ ታሪኩን አልሰሙ። የፋን ፊክሽን ጣዕሙ ደግሞ አንባቢው ሰውዬውን አስቀድሞ ማወቁ ላይ ነው። «እሱማ እንደዚህ አያደርግም!» ብሎ የሚሟገት ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ አገር የሚያውቀውን ጭራቅ መረጥኩ። አርዌን።

ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። አርዌ ከንግሥት ሳባ በፊት አገር የገዛ ዘንዶ ነው። 400 ዓመት ነገሠ የሚሉ አሉ። ሕዝቡ ከብትና ልጃገረድ ይገብርለታል። በኋላ አንጋቦ የሚባል ሰው ይመጣና «ብገድለው ታነግሡኛላችሁ?» ይላል። እሺ ይሉታል። አንጋቦ መርዝ የበላች ፍየል ያቀርብለታል፤ ዘንዶው ውጧት ይሞታል፤ አንጋቦ ይነግሣል። ልጁ ማክዳ፣ ማለትም ንግሥት ሳባ ናት። በየቱሪስት ሱቁ የሚሸጠው፣ በትናንሽ ሳጥን የተከፋፈለው የንግሥት ሳባ ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ዘንዶ ነው።

«ይሄ ተረት መድገም እንጂ ፋን ፊክሽን አይባልም» ያሉኝ አሉ። ለኔ ይባላል። ተረት የሚደግም ሰው የሰማውን ያወራል። እኔ የፈለግኩት ተረቱ ዘሏቸው ያለፋቸውን ሰዎች ነው። ያን ሁሉ ዘመን ልጃገረድ ሲገበር የሚመርጠው ማን ነበር? ዘንዶው ከቤት ቤት እየዞረ አይመርጥም። ዛሬ የእገሌ ልጅ፣ ነገ የእገሊት ልጅ እያለ መዝገብ የሚይዝ ሰው መኖር አለበት። ያንን ሰው ጻፍኩት።

ስሙን ያወጡለት አንባቢዎቼ ናቸው። እኔ «መዝጋቢው» ብዬው ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲነበብ ከድሬዳዋ የመጣ አንድ ተማሪ «አቦ ይሄማ ተራ አስከባሪ ነው፣ ልክ እንደ ታክሲው!» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ስሙ በዚያው ቀረ። ከዘንዶውም ከጀግናውም ይልቅ ሰው ሲከራከርበት የከረመው በዚህ ሰውዬ ነው።

የምንገናኘው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ጀጎል፣ ማለትም በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር ውስጥ፣ አንዲት አንባቢዬ ቤት ነው። የበርጫ ሰዓት ነው። እኔ ጫት አልቅምም፤ ሰዓቱ ግን ይመቸኛል። ሰው ሁሉ ከጥድፊያው ወጥቶ፣ ቁጭ ብሎ ለማውጋት የተዘጋጀበት ሰዓት ነው። ምዕራፉን አራት ገጽ አድርጌ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ አመጣለሁ። አራት ገጽ ከበለጠ ሰው መጀመሪያውን ይረሳል። ጮክ ብሎ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ደራሲዋ ራሷ ስታነብ ድምጿ ገጸ ባሕርይውን ያግዘዋል፤ ቀዝቃዛውን ቦታ ታሞቀዋለች። ሌላ ሰው ሲያነብ ግን ቀዝቃዛው ቀዝቃዛ ሆኖ ይሰማል። አንባቢው ምላሱ ሲተሳሰር ወይም አድማጩ ስልኩን ሲያይ እርሳሴን አነሳለሁ።

ከዚያ ወሬው ይጀመራል። አንድ ሕግ አለን፤ ሁሉም እስኪናገር ድረስ እኔ አልናገርም። ደራሲ አፉን ከከፈተ ሰው የሚያወራው ስለ ደራሲው ሐሳብ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰውዬ ይረሳል። በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ። «እኔ እንኳ ለማሳየት የፈለግኩት…» ካልኩ ማንም ደፍሮ «አይታይም» አይለኝም። «ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅም ዋጋ የለውም። መልሱ ምንጊዜም «ቆንጆ ነው፣ በርቺ» ነው። በ«በርቺ» ደግሞ ምዕራፍ አይታረምም።

ታዲያ ምን ይጠየቃል? ጥያቄውን ያገኘችልኝ የምንሰበሰብበት ቤት ባለቤት ናት።

ቤቷ የድሮ የሐረሪ ቤት ነው። ዋናው ክፍል ወንበር የለውም። መቀመጫው ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት መደብ ነው፤ ነደባ ይሉታል። ከፍ ያለ አለ፣ ዝቅ ያለ አለ። የአሚር ነደባ የሚባለው የአባወራው ቦታ ነው። ከዓይን ሸሸግ ያለ አለ። ከበሩ ኋላም አለ። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። እንግዳ ገብቶ እንዳሻው አይዘረፈጥም። ስለ ተራ አስከባሪው «ክፉ ነው»፣ «የለም፣ ታዛዥ ነው» እየተባለ ሲጯጯሁ እሷ ቁቲዋን፣ የቡና ቅጠል መጠጧን፣ እየቀዳች ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ፣

«ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ እኔ ቤት ቢመጣ የት ነው የማስቀምጠው?» አለች።

ሁሉም ዝም አለ። መጀመሪያ የመለሰው ከአንባቢዎቼ አንዱ የሆነው ልብስ ሰፊው ነው። «ከበሩ ኋላ። የገባውንም የወጣውንም ከዚያ ሆኖ ይቆጥራል።» እሷ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዳ ቦታ አይመርጥም፣ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ሴት ልጅ አለችኝ። መዝገቡ በእጁ ነው። እንዴት ነው ከበሩ ኋላ የማስቀምጠው? የአሚር ነደባ ላይ ነው የማወጣው፣ ወድጄ ነው?» ልብስ ሰፊው ትንሽ አሰበና «ልክ ነሽ። አንቺ ወደ ላይ ትጋብዥዋለሽ። እሱ ግን እምቢ ብሎ ከበሩ ኋላ ይቀመጣል። ሰውም 'ሲያዩት እንዴት ትሑት ነው' ይላል» አላት።

እኔ ዝም ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ምዕራፍ የሰውዬውን ጠባይ የሚያብራራውን ሁለት አንቀጽ እንዳለ አወጣሁት። በምትኩ ወደ አንድ ቤት ሲገባ፣ ከፍ ያለው ቦታ ሲለቀቅለት፣ «ኧረ እኔ እዚሁ ይበቃኛል» ብሎ ከበሩ ኋላ ሲቀመጥ አሳየሁ። ሲነበብ እናቶቹ «ኤዲያ!» አሉ። ክፉ ነው የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለም።

ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ገጸ ባሕርይ ይህንኑ እጠይቃለሁ። አንጋቦስ የት ይቀመጣል? ከድሬዳዋ የሚመጡት ልጆች ወዲያው «አይቀመጥም፣ ቆሞ ነው የሚያወራው» አሉ። ለአንጋቦ ከዚህ የተሻለ መግለጫ እኔም አላገኘሁለትም።

ልብስ ሰፊውን ካነሳሁ አይቀር ስለሱ ትንሽ ልጨምር። የሚሠራው መኪና ግርግር ነው፤ የስፌት መኪኖቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ሲንጫጩ የሚውሉበት ቀጭን መንገድ። ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ረቂቁን ይዤ እሄዳለሁ። «አንብቢልኝ ልጄ» ይለኛል፣ እጁ ጨርቁን አይለቅም። እዚህ የቅዳሜውን ልማድ አፍርሼ የማነበው እኔ ነኝ፤ ግን አስተያየቱን አልጠብቅም። የማዳምጠው መኪናውን ነው። ታሪኩ ሲያሰለቸው እግሩ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ስፌቱ ይሮጣል። ሲይዘው መኪናው ዝም ይላል። አርዌ ራሱ በሚታይባቸው ገጾች ላይ መኪናው ሲሮጥ ነበር። ተራ አስከባሪው መዝገቡን ሲገልጥ ግን ጸጥ። የትኛውን ሰው ይዤ መቀጠል እንዳለብኝ ያወቅኩት በዚህ ነው።

ስለ ዘንዶው አንዳንዶቹ ጠባሳ እንድሰጠው ጠይቀውኛል። ልጅነቱ፣ የደረሰበት በደል፣ ለምን እንደከፋ። አሁን ፋንታሲው ሁሉ እንደዚህ ነው፤ ጭራቅ ሁሉ የሚያለቅስበት ምዕራፍ አለው። እኔ አልወደውም። አርዌን የሚያስፈራው ሰው ሁሉ የለመደው መሆኑ ነው። ለአንድ ዘንዶ ያን ያህል ዘመን ከተገበረ ወሬው ያለው ገባሪው ዘንድ ነው። ይህን ነገርኳቸው፣ በተራዬ። ግማሾቹ አልተዋጠላቸውም።

ጅቧ ግን ሁላችንንም አነታረከችን። በታሪኬ አንዲት ተራዋ የደረሰ ልጅ አምልጣ ወደ ምሥራቅ ትሸሻለች። አምስት በር ያለው፣ በግንብ የታጠረ ከተማ ትደርሳለች። አስጎብኚ የሆነ አንባቢያችን «ጀጎል እኮ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ አርዌ የት፣ ግንቡን ያሠራው አሚር ኑር የት» አለኝ። ልክ ነው። ለዚህም ነው ከተማዋን ሐረር ያላልኳት። በሮቹ ተዘግተዋል። ልጅቷ የምትገባው ግንቡ ሥር ባለው የጅብ ቀዳዳ ነው። ሐረር ላይ ወራባ ኑዱል የምንለው ነው። የምታስገባትም አንዲት ትልቅ ጅብ ናት።

መጀመሪያ ስጽፈው ጅቡ ወንድ ነበር። ቤተሰቦቹ ከጎጃም የመጡ አንባቢ «ጅብማ ቡዳ ነው፣ ልጅቷን ሊበላት ነው እንጂ ሊረዳት ነው እንዴ?» አለ። የቤቱ ባለቤት ተቆጣች። «እኛ ጋ ጅብ ጂኒ ይበላል። ከተማውን ያጸዳል። ለአሹራ ገንፎ በቅቤ አድርገን የምናቀርብለት ለምን መሰለህ? ከበላልን ዓመቱ ደህና ነው።» ሌላው ደግሞ ከልጅነቱ የሚያውቀው አያ ጅቦን ነው፤ ሆዳሙን፣ በቀበሮ የሚታለለውን። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓይነት ጅብ ገባ ማለት ነው።

ማንን ልስማ? ሁሉንም ሰማኋቸው። ልጅቷ ከሰሜን የመጣች ስለሆነች ጅቧን ስታይ የሚታያት ቡዳ ነው፤ ትንቀጠቀጣለች። በሩን የሚጠብቀው ሽማግሌ ደግሞ ጅቧን ሲያይ «እንኳን መጣሽ» ይላል። ጅቧ ያው አንዲት ጅብ ናት። የሚያዩዋት ሰዎች ናቸው የሚለያዩት። አያ ጅቦን ግን ተውኩት። የሚያስቅ ጅብ እዚያ ሌሊት ላይ ቦታ የለውም።

ወንዱን ሴት ያደረገችው የባዮሎጂ መምህሯ ናት። «የኛ ሐገር ባለ ነጠብጣብ ጅብ መንጋ የምትመራው ሴቷ ናት፤ ከወንዱም ትገዝፋለች» አለችኝ። ይህን ስሰማ የምዕራፉ ትርጉም ተገለበጠ። ልጅቷ የመጣችው ሴት ልጅ ከምትገበርበት አገር ነው። እዚህ ደግሞ ቀድማ የምትበላው ሴቷ ናት። ያንን ሌሊት ልጅቷ ጅቦቹ ሲበሉ ቁጭ ብላ ታያለች። ወንዶቹ ዳር ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ተራ። ማብራሪያ አልጨመርኩበትም፤ አንባቢዎቼም አላስፈለጋቸውም።

በተረቱ ላይ መጨመርና ከተረቱ መቀነስ አንድ እንዳልሆነም ያየሁት እዚያው ቤት ነው። የድሬዎቹ ልጆች አንጋቦ በጎራዴ እንዲዋጋ ፈልገው ነበር። «መርዝ አቦ የጀግና አይደለም።» እውነት ለመናገር የጎራዴው ነገር እኔንም አጓጉቶኝ ነበር። ከመጻፌ በፊት ለሁሉም አቀረብኩት። ትልልቆቹ አንድ ላይ ተነሡ። ፍየሏ? ፍየሏ የታለች? ተራ አስከባሪን የሚያክል ሰው ከሜዳ አምጥቼ ስጨምር ማንም አልተቃወመም። አንዲት ፍየል ላወጣ ስል ግን ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ። የተዋስሽው ታሪክ አደራ ነው፤ ጓዳ ብትጨምሪለት ይመርቁሻል፣ ምሰሶ ብትነቅይ አይምሩሽም። ፍየሏ ቀረች። ይልቁንም ፍየሏን የሚያመጣት ማን እንደሆነ ጠየቅኩ። ከማን በረት? ማን ከፈለ? አሁን ፍየሏ የተራ አስከባሪው ናት። አንጋቦ መጥቶ ሲጠይቀው «መዝገብ ላይ የለችም፣ ልሰጥህ አልችልም» ይለዋል።

አሁን የደረስንበት ልጁ ጋ ነው። ተራ አስከባሪው ሴት ልጅ አለችው። ስሟ ከመዝገቡ ውስጥ የለም። መቼም ኖሮ አያውቅም። ወጣቶቹ ልጁን ይደብቃል፣ መጨረሻ ላይም እሷን ለማዳን ከአንጋቦ ጋር ይወግናል ብለው ይጠብቃሉ። ልብስ ሰፊው «የለም፣ ሰው ሁሉ ካወቀበት ራሱ ይጽፋታል። እምነቱ በተራው ነው» ይላል። የቤቱ ባለቤት ስለዚህ መነጋገር አልወደደችም። «እኔ እናት ነኝ፣ ተዉኝ» ብላ ሲኒዎቹን ሰበሰበች።

እኔ ምዕራፉን ጽፌ ጨርሻለሁ። ልጁን በእጁ መዝገቡ ላይ ጻፋት፤ ስሟን ከጻፈ በኋላም እንደ ሁልጊዜው የተጻፈችበትን ቀን አስገባ። ረቂቁን መኪና ግርግር ወስጄ አነበብኩት፤ መኪናው እስከ መጨረሻው ገጽ አልተነሳም። የድሬዎቹ ቅዳሜ ሲሰሙ እንደሚጮሁብኝ አውቃለሁ። ይጩሁ፤ ሁሉም እስኪናገር ዝም ብዬ እሰማለሁ። ምዕራፉን ግን አልቀይረውም።