የዳውዲንግ ስም

ለንደን ውስጥ አሮጌ መጻሕፍት በሚሸጥ ሱቅ ስሠራ የጦርነት መደርደሪያው የኔ ነበር። ደንበኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው። ስፒትፋየር ስለሚባለው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ሞተር ማንም አያክላቸውም፤ ክርክር ሲነሣ ግን የሚጠቅሱት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የታተመውን ነው።

አንዴ የአየር ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1941 ስለ ብሪታንያ የአየር ውጊያ ያሳተመው ቀጭን መጽሐፍ እጃችን ገባ። ያኔ እንደ ጉድ ተሽጧል። እኔም ትንሽ ካርድ ለጠፍኩበት፦ «ሴፕቴምበር 15 ቀን 1940 ተመትተው ወደቁ የተባሉት የጀርመን አውሮፕላኖች 185። በኋላ በጀርመኖቹ መዝገብ ሲጣራ 60 ገደማ።»

ሥራ አስኪያጃችን አየው።

«ደንበኛ ልታባርርብኝ ነው?»

«እውነት ነው እኮ።»

«እውነቱን ቤታቸው ሄደው ያንብቡ። አንሣው።»

አብራሪዎቹ ዋሹ አላልኩም። አንዱን አውሮፕላን ሦስት ሰው ይተኩስበታል፤ ሦስቱም «እኔ ጣልኩት» ብለው ያስመዘግባሉ። ሜሰርሽሚት የሚባለው የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ሞተሩን አስጩኾ ቁልቁል ሲያመልጥ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ የተመታ ይመስላል። ጀርመኖቹም ቢሆኑ ቁጥር ላይ ቸር ነበሩ። ብቻ ሕዝብ የምሥራች ሲጠብቅ ማን ቁጭ ብሎ ይቀንሳል?

ካርዱን አነሣሁ። በምትኩ ሌላ ጻፍኩ፦ «ውጊያውን የመራውን የአዛዡን የዳውዲንግን ስም ፈልገው ያግኙ።»

አንድ ደንበኛችን አነበቡትና መነጽራቸውን አጠለቁ። ገንዘብ መቀበያው ጋ ቆመው ገጽ በገጽ፣ በጣታቸው እየተከተሉ ፈለጉ። ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል፤ ግድ አልሰጣቸውም። ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«የለም!» አሉ በመጨረሻ፣ ኪሳቸው የተገባ ይመስል። «ሰውየውን እንዴት ይረሱታል?»

«አልረሱትም ጌታዬ» አልኳቸው።

እውነትም አልረሱትም። ዳውዲንግ ከሥልጣኑ የተነሣው ውጊያው እንዳበቃ፣ በኖቬምበር 1940 ነው። ከበላዮቹ ጋር አይስማማም ነበር። መጽሐፉ ሲወጣ ቸርችል ራሱ ስሙ መቅረቱን አይቶ ተቆጥቷል።

ሽማግሌው ገዙት። ካርዱንም ካልሰጠኸኝ ብለው ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ በጦርነቱ ጊዜ የታተመ የአብራሪ መጽሐፍ በመጣ ቁጥር ካርድ አይቀርለትም፤ መደርደሪያውም ቶሎ ቶሎ ይራቆት ጀመር።

ዓመቱ ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ ለባለቤቶቹ ሪፖርት ጻፈ። የካርዱ ነገር «በሥራ አስኪያጁ የተጀመረ አዲስ አሠራር» ተብሎ ሰፍሯል። እኔም እንደ ሽማግሌው በጣቴ እየተከተልኩ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የሰውየው ስም ማን ነው ለምትሉ፣ እዚህም ፈልጋችሁ አታገኙትም። አልረሳሁትም።