250 ዶላር ጫማና የጃን ሜዳ ሣር

ጫማው ከአሜሪካ ነው የመጣው። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ፤ 250 ዶላር። በጊዜው ምንዛሪ ከሠላሳ ሺህ ብር በላይ መሆኑ ነው። እናቴ ዋጋውን ስትሰማ «ታዲያ ራሱ ነው የሚሮጥልህ?» አለችኝ።

ሶሉ እንደ ድፎ ዳቦ ያበጠ፣ ውስጡ ካርቦን የተነጠፈበት፣ ማራቶን ሯጮች ለውድድር ቀን የሚያስቀምጡት ዓይነት ነው። እኔ ካዛንቺስ ቢሮ የምውል የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ አንድ ኪሎሜትር ስድስት ደቂቃ ተኩል ይፈጅብኛል። ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2016 በርሊን ማራቶን ላይ 2:11:53 ስትገባ ያደረገችው አዲዳስ 500 ዶላር ያወጣ ነበር፤ 138 ግራም ብቻ ይመዝናል። ለእሷ ዋጋው ያንሳል እንጂ አይበዛም። እኔ ግን መስቀል አደባባይ ደረጃውን ሦስቴ ወጥቼ ስወርድ ቀድሞ የሚያልቀው ትንፋሼ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየር የሚሸጥ ጫማ የለም። ጭራሽ ሶሉ ከፍ ያለና ለስላሳ ስለሆነ ኮብልስቶን ላይ ቁርጭምጭሚቴን ሁለት ጊዜ ወለም አለኝ። በአምስተኛው ወር ደግሞ ስፖንጁ ተደፈጠጠ።

ተናደድኩና ጭራሹን አወለቅኩት። የአበበ ቢቂላ አገር ሰው ነኝ! ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 የገባው ሰው እኮ ጫማ አልፈለገም አልኩ።

ጃን ሜዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ሃያ ደቂቃ። እንዴት ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም። በባዶ እግር ተረከዝ መሬት ሲመታ ስለሚያም፣ ማንም ሳይነግራችሁ በእግራችሁ ፊት ማረፍ ትጀምራላችሁ፤ እርምጃው ያጥራል፣ ይፈጥናልም። ችግሩ፣ ተረከዝ ይሸከመው የነበረውን ጫና አሁን ባትና የተረከዝ ጅማት ይወስዱታል። የእኔ ባት ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ተረከዙ ከፍ ባለ ጫማ የኖረ ነው። በሦስተኛው ቀን ደረጃ የምወርደው የጎን በጎን ሆነ። ይኼን እንደ ጀግንነት ቆጠርኩት፤ በሁለተኛው ሳምንት አስፋልት ላይ ወጣሁ። በአራተኛው ሳምንት የግራ እግሬ ጀርባ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። ራጅ ሲነሣ ከጣቶቹ ኋላ ካሉት ቀጫጭን አጥንቶች አንዱ ተሰንጥቋል። ስድስት ሳምንት ዕረፍት።

ሲሻለኝ ጃን ሜዳ ልጆች የሚያሠለጥኑ አንድ አባት ጉዴን ሰምተው ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ አበበ እኮ ሮም ላይ ጫማውን የተወው አዲሱ ስላልተመቸው ነው። ቶኪዮስ? ጫማ አድርጎ አይደል እንዴ 2:12:11 የገባው! በዚያ ላይ እሱ በባዶ እግሩ ያደገ ነው፤ አንተ የት ነው ያደግከው?»

ቦሌ ነው ያደግኩት። ዝም አልኩ።

አሁን የምሮጠው ስታዲየም አካባቢ በገዛሁት ተራ የሩጫ ጫማ ነው፤ ዋጋው የዚያኛው ሩብ አይሞላም። የገዛሁት ወደ ማታ፣ እግሬ ውሎ ካበጠ በኋላ ነው፤ ከአውራ ጣቴ ፊት የአንድ ጣት ስፋት እስኪተርፍ ለካሁ። ሻጩ ስለ ቴክኖሎጂው ሲያወራ እኔ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ነበር፤ የተመቸኝን ያዝኩ። ባዶ እግሬንም አልተውኩትም። ማክሰኞና ቅዳሜ ከሩጫ በኋላ ሣር ላይ፣ በአምስት ደቂቃ ጀምሬ ከሦስት ወር በኋላ ገና አሥራ አምስት ደርሻለሁ። ባቴ ጠንክሯል፤ ወለምታውም ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። አስፋልት ላይ ግን በባዶ እግሬ አልወጣም፤ ጠርሙስ ስባሪውን ማን ይጠርግልኛል?

ውዱን ጫማ ታናሽ ወንድሜ ወሰደው። ፒያሳ ማኪያቶ ሊጠጣ ሲሄድ ያደርገዋል፤ እንደሚለው ከሆነ በጣም ይመቻል።