የሃቫና ሲጋር ሳጥን ሥዕሎችን በእጅ መቅዳት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም የሥዕል ወዳጆች። ሰሞኑን የያዝኩት ሥራ የድሮ የኩባ ሲጋር ሳጥኖች ላይ የተለጠፉ ሥዕሎችን በእጅ መቅዳት ነው። ልቤን የወሰደው ሲጋሩ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ስለ ቀለም እንደዚህ ያስተማረኝ ነገር የለም።

በሳጥኑ ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ ስም አለው። ጠርዙን የሚያለብሰው ቀጭኑ ፊሌቴ፣ የሲጋሩ ወገብ ላይ የሚታሰረው ቀለበት አኒዮ ይባላል። ንጉሡ ግን ቪስታ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ከውስጥ በኩል ቀና ብሎ የሚታየው ትልቁ ሥዕል። ሻጭ ሳጥኑን ባንኮኒ ላይ ከፍቶ ሲያስቀምጥ የገዢ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 የተመሠረተው ሮሜዮ ኢ ሁሊዬታ (ሮሚዮና ጁልየት) የተባለው የሲጋር ብራንድ ከሼክስፒር ተውኔት የሰገነቱን የፍቅር ትዕይንት መለያው ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

እነዚህ ሥዕሎች የታተሙት በክሮሞሊቶግራፊ ነው፤ ድንጋይ ላይ ከተሣለ ሥዕል ባለብዙ ቀለም ኅትመት ማውጣት ማለት ነው። ሠዓሊው በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው ቀለም ይሥላል። ምርጡ ድንጋይ የሚመጣው ከጀርመን፣ ከዞልንሆፈን ነበር። ከዚያ ድንጋዩ ትንሽ አሲድ በገባበት የግራር ሙጫ ይታሻል። (አዎ፣ እኛ አገር ቆላ ውስጥ ከግራር የሚለቀመው ዓይነት ሙጫ!) ድንጋዩ በውሃ ሲርስ፣ ውሃ የያዘው ቦታ የማተሚያውን ቀለም ይገፋል፤ ቅባቱ ይቀበላል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ድንጋይ አለው። ሥዕሉም ግራና ቀኙ ተገልብጦ ነው የሚሣለው።

እኔ በድንጋዩ ፋንታ ትሬሲንግ ፔፐር (ከሥሩ ያለውን ሥዕል የሚያሳይ ስስ ወረቀት) እየደራረብኩ ነው፤ ለአንድ ቀለም አንድ ወረቀት። አሁን ያለሁት የአንዲት ሴት ፊት ላይ ነው። በማጉያ መነጽር ሳያት ጉንጯ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ከሥር ፈዛዛ ቢጫ፣ ከላዩ ራቅ ራቅ ያለ ሮዝ፣ ጉንጯ መሀል ጥቅጥቅ ያለ ቀይ። አገጯ ሥር ያለው ጥላ ደግሞ ጥቁር የለበትም፤ ሰማያዊ ነጥብ ነው የሚያጠላው! ብርሃንና ጥላ የሚመጣው ብዕር በመጫን ሳይሆን ነጥቦቹን በማቀራረብና በማራራቅ ነው። ወረቀቶቹ ልክ እንዲገጥሙ ሕዳጉ ላይ የመስቀል ምልክት ማድረግ የግድ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከተንሸራተተ ከንፈሯ ከቦታው ይወጣል።

የትምባሆ እርሻ ያለባቸውን ቪስታዎች ግን ዝም ብዬ ማድነቅ አልቻልኩም። ሁሉም ነገር ለምለምና ሰላም ነው። ኩባ ውስጥ ባርነት የቀረው ግን እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ያ ሁሉ ጉልበት ሥዕሉ ላይ የለም። ስለዚህ አንድ ቪስታ ስቀዳ ማን እንደተሣለ ብቻ ሳይሆን ማን እንደቀረም ማስታወሻዬ ላይ እጽፋለሁ።

ቀጥሎ የምሞክረው ሥዕሎቹ ላይ ያሉትን ወርቃማ ሜዳሊያዎች ነው። እነሱ በማተሚያ ተጭነው ከወረቀቱ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ጣት ሲያልፍባቸው ይታወቃል። ወፍራም ወረቀት ላይ ቤት ውስጥ እንዲህ ማስነሣት የሞከራችሁ ካላችሁ፣ በምን እንደተጫናችሁት ንገሩኝ።