ነፋስ ሽታ ይዞ እንደሚሄድ

ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል፤ ግን አልዘነበም። እንዲህ ያለ ቀን ድሮም አይስማማኝም። ታላቅ እህቴ ደውላ «አርባዋም ወጣ፤ የእቴቴን ልብስ ለማን እንደምንሰጥ ለዪና ቁርጡን ንገሪኝ» ስላለችኝ ሳጥኑን ከፍቼ ቁጭ አልኩ።

ከላይ የክት ቀሚሷ፣ ከሥሩ የሐዘን ጥቁሯ፣ ከዚያ የዘወትር ነጠላዋ። የነጠላው ጫፍ ላይ ያ ቋጠሮ አሁንም አለ። ጠብቆ ስለነበር በጥርሴ ሳብ አድርጌ ፈታሁት። አራት ጊዜ የታጠፈ አሥር ብርና አውራ ጣት የማታህል የጧፍ ቁራጭ። ሌላ ምንም የለም። ጨርቁ ታስሮ የኖረበት ቦታ ተጨማድዶ ቀርቷል፤ በእጄ ባሸው ባሸው አልዘረጋ አለኝ። መልሼ ቋጠርኩት። ግን አሁን የእኔ ቋጠሮ ነው እንጂ የእሷ አይደለም። ለምን ፈታሁት?

አማ ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው። ሕንድ አገር፣ ቪሻካፓትናም በተማርኩባቸው ዓመታት ያከራዩኝ እናት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «አማ» ይላቸው ነበር፤ በአገሩ ቋንቋ በቴሉጉ እናት ማለት ነው። የባለቤታቸው ሙት ዓመት ሲደርስ (ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ይለዋወጥብኝ ነበር) ቤቱ ገና ሳይነጋ ይታጠባል። ልጃቸው ከካህኑ ጋር ተቀምጦ ጸሎቱን ያደርሳል፤ ሩዝ ከሰሊጥ ጋር ተድቦልቡሎ ይቀርባል። ከዚያ አማ ከምግቡ በቅጠል ይዘው ሰገነቱ ላይ ይወጡና ቁራ ይጠራሉ። ቁራው መጥቶ እስኪቀምስ ቤት ውስጥ ማንም እህል አይነካም። ቁራ ሳይቀምሰው ከቀረ ሟቹ አንድ ነገር ቅር ብሎታል ማለት ነው። አንድ ዓመት ቁራው ዘገየ። አማ ፀሐይ ላይ ቆመው ወደ ባዶው ሰማይ «ምን ቅር አለዎት? ምን ጎደለ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ያን ቀን ማታ ጠየቅኳቸው። ሰው ዳግም የሚወለድ ከሆነ ባለቤትዎ ይህን ጊዜ የሆነ ቤት ሕፃን ሆነው ጡት እየጠቡ ይሆናል፤ ታዲያ ሩዙን የሚበላው ማን ነው? አማ አልተቆጡኝም። «የትም ይሁኑ፣ ምንም ሆነው ይወለዱ፣ እሳቸው በሚበሉት ዓይነት ሆኖ ይደርሳቸዋል» አሉኝ። ለልጇ ስንቅ ቋጥራ በአውቶቡስ የላከች እናት ስለ ስንቁ እንደምትናገረው ነው የተናገሩት። የሊቃውንቱን መልስ ኋላ ሳነብ ከዚህ ብዙ የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም።

የሂንዱዎችን ቅዱስ መጽሐፍ ባጋቫድ ጊታን ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ከሰባት መቶዎቹ ስንኞች ሁሉ በሰው አፍ የሚዘወተረው ምዕራፍ ሁለት ላይ ያለው ይመስለኛል፤ ሰው ያረጀ ልብሱን አውልቆ አዲስ እንደሚለብስ፣ ነፍስም ያረጀ ሥጋዋን ጥላ ሌላ ትለብሳለች ይላል። ያኔ በጣም አጽናንቶኝ ነበር። ዛሬ ሳጥኑ ፊት ተቀምጬ ግን አልዋጥልኝ አለ። ልብሱ ይሄው እጄ ላይ ነው፤ የትከሻዋ ቅርጽ እንኳን ከቀሚሱ ገና አልጠፋም። እኔ የማውቃት በልብሱ ነው። ሳትለብሰው በፊት የነበረችውን፣ ካወለቀችው በኋላም ያለችውን መቼ አየኋት?

ምዕራፍ አሥራ አምስት ላይ ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ፤ እንደ ልብሱ አይነሣም እንጂ እኔ ይህን አስበልጣለሁ። ነፍስ ከሥጋ ስትወጣ፣ ነፋስ ሽታን ከቦታው አንሥቶ እንደሚሄድ፣ የስሜት ሕዋሳትንና ልቡናን ይዛ ትሄዳለች ይላል። አበባው ይቀራል፣ ሽታው ይሄዳል። አብሮ የሚሄደው ሰው በሥራው ያተረፈው ሁሉ ነው፤ ካርማው፣ ሳምስካራ የሚሉት የልማድና የዝንባሌ አሻራ። ደግነት ይሄዳል፤ ክፋትም ይሄዳል። እቴቴ ሰው ሲመጣባት ገና በሩ ሳይከፈት ብድግ የምትለው ነገር፣ እሱም ይሄዳል ማለት ነው። ትዝታ ግን እንዲህ አይከተልም። እዚያው ጊታ ላይ አምላኩ ክሪሽና ጦረኛውን አርጁናን «የእኔም የአንተም ብዙ ልደቶች አልፈዋል፤ እኔ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፣ አንተ ግን አታውቃቸውም» የሚለው ለዚህ ነው። የሚያስታውሰው አምላክ ብቻ ነው። ሰው የራሱን ደግነት ይዞ ይሻገራል፤ ለማን ደግ እንደነበረ ግን አያውቅም።

ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። እኔ በትንሣኤ አምናለሁ፤ ለእቴቴም ፍትሐቷን አስፈትቻለሁ፣ ነፍስ ይማር ብያለሁ። የእኛ እምነት ያ የተጣለው ልብስ ራሱ ይነሣል ይላል። ቢሆንም ጥያቄው ከዚህም ከዚያም ያው ነው፤ ታውቀኛለች ወይ?

ብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ በሚባለው ሌላ ጥንታዊ የሂንዱ መጽሐፍ ያለችው ማይትሬዪም የደነገጠችው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ባሏ ያጅናቫልክያ ቤቱን ትቶ ሊመንን ሲነሣ ሀብቱን ለሁለቱ ሚስቶቹ ላካፍል ይላታል። ምድር በሞላ ከነሀብቷ የእኔ ብትሆን ከሞት ታድነኛለች? ብላ ትጠይቀዋለች። አታድንሽም ይላታል። እንግዲያው የምታውቀውን ንገረኝ ስትለው፣ ውሃ ውስጥ እንደወደቀ የጨው ድንጋይ ነው ይላታል፤ ሟሙቶ ለቅመሽ አታወጪውም፣ ከየትም ብትቀምሺ ግን ጨው ነው፤ ሰው ካለፈ በኋላም ማወቅ የሚባል የለም። እሷም እዚህ ላይ ግራ አጋባኸኝ አለችው። እኔም ግራ ገብቶኛል፣ እህቴ። ሁለት ሲኖር ነው አንዱ ሌላውን የሚያየው፤ ሁሉም አንድ ከሆነ ማን ማንን ያያል? የባልሽ መልስ ይህ ነበር። በ8ኛው መቶ ዓመት የተነሣው የሂንዱ ሊቅ ሻንካራ በዚህ ጸና። ኋላ የመጣው ራማኑጃ ግን ነፍስ ከአምላክ ጋር ትዋሐዳለች እንጂ ማንነቷ አይጠፋም ብሎ አስተማረ። ልቤ ወደ ራማኑጃ ያደላል። እውነት ስለሆነ ይሁን ወይስ ስለምፈልገው፣ ዛሬ ማታ መለየት አልችልም።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ካታ ኡፓኒሻድ በሚባለው መጽሐፍ ያለውን ልጅ፣ ናቺኬታን ነው። አባቱ ለመሥዋዕት ብሎ ወተታቸው የነጠፈ፣ ሣር መጋጥ ያቃታቸውን ላሞች ሲሰጥ ልጁ አፈረ። «እኔንስ ለማን ትሰጠኛለህ?» አለው። ሦስት ጊዜ ሲደጋግምበት አባት ተናደደና «ለሞት!» አለው። ልጁ ሄደ። የሞት ጌታ ያማ ቤቱ አልነበረም፤ ናቺኬታ ደጃፉ ላይ ሦስት ሌሊት ጦሙን አደረ። ያማ ሲመለስ እንግዳ ጦሙን ስላደረበት ደነገጠ፤ ለሦስቱ ሌሊት ሦስት ነገር ለምን አለው። ሰው ሁሉ የሚያነሣው ሦስተኛውን ነው፤ ሰው ሲሞት አለ የሚሉ አሉ፣ የለም የሚሉም አሉ፤ እውነቱን ንገረኝ የሚለውን። ያማ ወርቅ ውሰድ፣ ዝሆን ውሰድ፣ ረጅም ዕድሜ ውሰድ፣ ይህን ብቻ ተወኝ ብሎ ለመነው፤ ልጁ እንቢ አለ።

እኔ ግን ከመጀመሪያው ልመና ማለፍ ያቅተኛል። ሞት ቤት የገባ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የለመነው፣ ስመለስ የአባቴ ቁጣ በርዶ ይቆየኝ፣ አውቆኝም ይቀበለኝ ብሎ ነው። ያማም እንደ ቀድሞው ያውቅሃል ብሎ ቃል ገባለት።

ከሦስተኛው ልመና በኋላ ካታ ኡፓኒሻድ የሚያወራው ስለ ነፍስ ነው። ልጁ እውቀቱን አግኝቶ ከሞት ነፃ እንደሆነ ነግሮን ይጨርሳል። ወደ ቤት የተመለሰበትን ቀን አይተርክልንም። አባት በሩ ላይ ቆሞ ምን እንዳለ፣ ማን ቀድሞ እንደተናገረ የለም። የአባቱ ነገር ቃል ተገብቶበታል፤ ያውቀዋል። ያን ሁሉ ካወቀ በኋላ ልጁስ አባቱን አወቀው?