«መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው?»

እመቤቴ ክብር ይግባትና ታናሽ ወንድሜ ዛሬ በሕይወት አለ። ይህን ሳልመሰክር ብቀር ይቆጨኛል።

ለዓመታት ቁርሱም እራቱም አረቄ ነበር። አምና ፍልሰታ ሲገባ «በቃ፣ ለእመቤቴ ተስያለሁ» ብሎ ጠርሙሱን ደጅ ደፋው። እናቴ እልል አለች። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይፈራል?

በማግስቱ እጁ ሲኒ መያዝ አቃተው። ላብ በላብ ሆነ። በሁለተኛው ሌሊት ከብርድ ልብሱ ላይ የሌለ ጉንዳን ይለቅም ጀመር። «እትዬ፣ አባባ በር ላይ ቆሟል፣ ክፈቺለት» ይለኛል። አባታችን ካረፈ ቆይቷል። ጸበል ረጨሁት፣ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። ወዲያው ዓይኑ ተገለበጠ፣ ጥርሱ ገጠመ፣ ሰውነቱ ተንፈራገጠ። አንድ ጎረቤት «መንፈስ ነው፣ ሐኪም ቤት እንዳትወስዱት» አለ። አልዋሽም፣ በእግዚአብሔር ተናደድኩ። «ሊተው ሲል ትገድለዋለህ?» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያው አፌ ደግሞ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ትረሳኛለህ» የሚለው ዳዊት ወጣ። እያለቀስኩ ታክሲ ፍለጋ ሮጥኩ። በዚያ ዝናብ ያደረሰን የላዳ ሹፌር ሒሳብ እንኳ አልተቀበለኝም፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ድንገተኛ ክፍል አንዲት ወጣት ሐኪም «መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው?» አለችኝ። እስከዚያ ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጠችው፣ ከግሉኮሱ በፊት ቫይታሚን ቢ1 አስከተለች። ሲረጋጋ አስረዳችኝ። አልኮል አንጎልን ያቀዘቅዛል። አንጎልም በዚያ ውስጥ ለመሥራት ራሱን ከልክ በላይ ማነቃቃት ይለምዳል። መጠጡ በአንዴ ሲቀር መነቃቃቱን የሚይዘው የለም። መንቀጥቀጡም፣ የሌለ ነገር ማየቱም፣ መንፈራገጡም ከዚያ ነው፤ ሊገድልም ይችላል። በየቀኑ ብዙ ይጠጣ የነበረ ሰው የሚያቆመው በሐኪም ክትትል ነው አለችኝ። ያችን ሐኪም ከፊቴ ያቆመችልኝ እመቤቴ ናት፤ ማንም ይሳቅብኝ።

መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ቀነሱለት። ከዚያ ምክር፣ ክትትል፣ አንዴ መውደቅ፣ እንደገና መነሳት፤ እንዲህ ሲል ዓመቱ አለቀ። አረቄ ቤቱ ባለበት መንገድ ዛሬም አያልፍም። አንጎል ያንን ደስታ ከነሽታው፣ ከነቦታው ስለሚይዘው ሽታው ብቻ አምሮቱን ይቀሰቅሰዋል። ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ እኔም አብሬው እዞራለሁ።

ዘንድሮ ፍልሰታን አብረን አስቀደስን። በጸሎት የምታስቡት ካላችሁ የክርስትና ስሙን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ።