ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው

እናቴ እንጀራ በምትጋግርባቸው ቀናት ቤታችን ውስጥ የሚሆነው ነገር ለረጅም ጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ምጣዱ ይሰካል፣ ይግላል፣ ይታሰሳል፣ የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑን አውጥቶ ይነሣል፣ ሁለተኛውም ይከተላል። በዚህ መካከል አጠገቡ ባለው ሶኬት ላይ ስቶቩ ተሰክቶ ሽሮ ከተጣደ ግን አራተኛው ወይም አምስተኛው እንጀራ ላይ ከኮሪደሩ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በአክንባሎው ሥር ያለው ሊጥም ግማሽ በስሎ ይቀራል። እናቴ «ልጄ፣ ደግሞ ወረደ» ትለኛለች፤ እኔም ወንበር ላይ ቆሜ ብሬከሩን ወደ ላይ እመልሰዋለሁ። እስኪቀዘቅዝ ሳንጠብቅ ስለምንመልሰው ሁለተኛው መውረድ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ይመጣ ነበር።

ብሬከሩ የተበላሸ ስለመሰለን አንድ ሠራተኛ ጠራን። እርሱም 16 አምፔር (አምፔር በሽቦ ውስጥ የሚፈስሰው ኃይል መለኪያ ነው) የሚለውን ፈትቶ 32 አምፔር የሚል አዲስ ብሬከር ገጠመልን፤ ሥራውም ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ ወርዶ አያውቅም። እኛም ነገሩ ተፈታ ብለን ልባችን ስለሞላ ምጣዱና ስቶቩ እየሠሩ የሻይ ውኃ ማፍያውንም እዚያው መስመር ላይ መሰካት ጀመርን። ሁለት ወር ገደማ እንዳለፈ ማዕድ ቤቱን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሸተተው። ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ፣ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጬ፣ የመጀመሪያውን ሶኬት ክዳን በካቻቢቴ ፈታሁት። ቀይ የነበረው የሽቦ ሽፋን ቡናማ ሆኖ በጣቶቼ መካከል እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ። ሽቦው የታሰረበት ብሎን ጠቁሯል፤ የሶኬቱም ጀርባ ቀልጦ ጎድጉዷል። ያን ጊዜ የታየኝ ከግድግዳው ላይ ያነሣሁት አንድ ስንዝር ሽቦ ብቻ ነበር፤ ቀሪው በልስኑ ውስጥ ተቀብሮ ምን እንደደረሰበት ማየት አይቻልም ነበር። ይህን የምጽፈው በዚያ ቀን የተሰማኝ ድንጋጤ በሌላ ቤት እንዳይደገም ስለምፈልግ ነው።

ብዙዎቻችን ብሬከር የተሠራው ፍሪጁን ወይም ቴሌቪዥኑን ለመጠበቅ ይመስለናል። በእርግጥ ግን ብሬከር የሚጠብቀው ከብሬከሩ ሳጥን ተነሥቶ በግድግዳ ውስጥ እስከ ሶኬቱ የሚሄደውን ሽቦ ነው። 16 የሚለው ቁጥር የተመረጠው በዚያ መስመር ላይ የተዘረጋው ሽቦ ሳይግል ሊሸከም ለሚችለው ኃይል ተለክቶ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች በውፍረቱ፣ ማለትም በካሬ ሚሊ ሜትር ለክተው፣ 1.5 የሚሉት ቀጭን ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ለመብራት ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ 2.5 የሚሉት ለሶኬት ከ16 አምፔር ጋር ይሄዳል፤ ለምጣድና ለውኃ ማሞቂያ ደግሞ 4 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሽቦ ይዘረጋል። ስለዚህ ሽቦውን ሳይነኩ ብሬከሩን ብቻ ማሳደግ ጠባቂውን ከበር ላይ አንሥቶ ቤቱን ክፍት እንደ መተው ነው።

የእኛን ማዕድ ቤት በሒሳብ ላሳይ። አንድ ዕቃ ስንት አምፔር እንደሚስብ ለማወቅ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት ለቤታችን ቮልት፣ ለ220፣ ማካፈል በቂ ነው። ምጣዳችን 3,500 ዋት ስለሆነ 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ይህ ማለት ብቻውን የብሬከሩን ልክ ይሞላል ማለት ነው። ስቶቩ 1,800 ዋት ስለሆነ 8 አምፔር ይጨምራል፤ ድምሩ 24 ይሆናል። የሻይ ማፍያው 2,000 ዋት ሲታከልበት 33 አምፔር ይደርሳል። ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከአምፔሩ ጋር እኩል አያድግም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለ16 አምፔር በተዘረጋው ሽቦ ላይ 33 ሲሄድበት ከታሰበለት ከአራት እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ተሸክሟል፤ የሽቦው የፕላስቲክ ሽፋን በተለምዶ የሚችለው ግን 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ብቻ ነው። 32 አምፔር የሚለው ብሬከር ይህን ሁሉ እያየ ዝም ያለው ተበላሽቶ ሳይሆን በተነገረው ቁጥር መሠረት ምንም ጥፋት ስላላየ ነው። የእኛ ሶኬቶች አንዱ ከሌላው እየተቀጠሉ የሚሄዱ ስለሆኑም የሁሉም ኃይል የሚያልፈው በመጀመሪያው ሶኬት ብሎኖች ነበር፤ ቀድሞ የተቃጠለውም እርሱ ነው።

አሁን ወደ ብሬከሩ ሆድ ልግባ፤ የተጣለ አሮጌ ብሬከር ፈትቼ ስላየሁት ነገሩ በዓይኔ ላይ ነው። በውስጡ ሁለት ጠባቂዎች አሉ። አንደኛው ቀስ ብሎ የሚፈርድ ሲሆን፣ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቀው የተሠሩበት ቀጭን ልሳን ነው። ሁለቱ ብረቶች በሙቀት የሚረዝሙት እኩል ስላልሆነ ልሳኑ ሲግል ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል፤ በበቂ ሁኔታ ሲጎብጥም የተወጠረውን መያዣ ገፍቶ ያስለቅቀዋል። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት የቤት ብሬከር ከቁጥሩ 1.13 እጥፍ ቢያልፍበት ለአንድ ሰዓት ሳይወርድ መቆየት፣ 1.45 እጥፍ ቢያልፍበት ደግሞ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መውረድ አለበት። ለባለ 16ቱ ይህ 18 እና 23 አምፔር ገደማ ነው። በእኛ ቤት 24 አምፔር ሲያልፍበት ወዲያው ሳይወርድ አራት አምስት እንጀራ ይታገሠን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ከወረደ በኋላም ልሳኑ ቀዝቅዞ እስኪቀና ካልተጠበቀ ዳግመኛ ቶሎ ይወርዳል።

ሁለተኛው ጠባቂ የመዳብ ሽቦ ጥምጥም ነው። ፌዙና ኒውትራሉ (ኃይሉን የሚያመጣውና የሚመልሰው ሽቦ) በቀጥታ ሲነካኩ፣ እኛ ኮንታክት አደረገ የምንለው ነገር ሲፈጠር፣ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በቅጽበት ይፈስሳል፤ ጥምጥሙም ማግኔት ሆኖ ብረት ይስብና ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ መስመሩን ይቆርጠዋል። ብሬከሩ ፊት ላይ ከቁጥሩ በፊት «ሲ» (C) የሚል የላቲን ፊደል ካለ ይህ ጠባቂ የሚነሣው ከቁጥሩ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ሲያልፍ ነው፤ ስለዚህ «ሲ16» በፍጥነት የሚቆርጠው ከ80 እስከ 160 አምፔር ባለው መካከል ነው። «ቢ» (B) ከሆነ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ነው። ይህን ዓይነቱን ብሬከር፣ ሁለቱም ጠባቂዎች በአንድነት ያሉበትን፣ ጀርመናዊው ሁጎ ሽቶትዝ የፈለሰፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖት መሠረቱ አለመለወጡ ይደንቀኛል።

የአወራረዱ ጊዜ ራሱ መልስ ይሰጣል። ዕቃው በተሰካበት ቅጽበት በኃይል ከወረደ ኮንታክት መጠርጠር አለበት፤ ከደቂቃዎች በኋላ ከወረደ ጭነት ነው። ያለበቂ ጭነት እየቆየ የሚወርድ ከሆነም ብሬከሩ ላይ ሽቦው የታሰረበት ብሎን ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ የላላ ብሎን ራሱ ይግልና ልሳኑን ያሞቀዋል። ሳጥኑ ከምድጃ በላይ ወይም በቆርቆሮ ጣራ ሥር ተለጥፎ ከሆነም ብሬከሩ ከተጻፈው ቁጥር በታች ይወርዳል፤ ልኩ የተወሰነው ለ30 ዲግሪ ስለሆነ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚወርድበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው፤ ፍሪጁ፣ የውኃ ፓምፑና ምጣዱ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፣ ሞተር ያላቸው ዕቃዎችም ሲነሡ ለአጭር ጊዜ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባሉ። መብራት ሲጠፋ ስፒናዎቹን መንቀል፣ ሲመለስም አንድ በአንድ መሰካት ይህን ያስቀረዋል።

ሰው ከሁሉ በላይ የሚሳሳተው ስለ መንዘር ነው። ምጣዱ የሚነዝር ከሆነ ተራው ብሬከር አይደርስልንም። የምጣዳችን ማሞቂያ ሽቦ የተቀበረው በሸክላው ጀርባ በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ነው፤ ሊጥ ወይም የማጠቢያ ውኃ ሲሰርግበት ኃይሉ ወደ ብረቱ አካል ያመልጣል። የሚያመልጠው ከአንድ አምፔር በጣም ያነሰ ስለሆነ 16 አምፔር ለሚጠብቅ ብሬከር ምንም አይደለም፤ ሰውን ግን ሊገድል ይችላል። ይህን የሚያየው የሄደውንና የተመለሰውን ኃይል እያመዛዘነ 30 ሚሊ አምፔር ሲጎድል የሚቆርጠው ሌላ መሣሪያ ነው፤ ከተራው ብሬከር የሚለየው ፊቱ ላይ ባለችው የመሞከሪያ ቁልፍ ነው። ምጣድና የውኃ ማሞቂያ ባለበት ቤት ይህ መሣሪያም፣ ያመለጠውን ኃይል ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ ግራውንድም ሳይኖር መቅረቱ ያሳስበኛል። የሚነዝር ምጣድ ደረቅ ጫማ ተደርጎም ቢሆን ሊጋገርበት አይገባም፤ ተነቅሎ መሠራት አለበት።

ብሬከር ሲወርድ እኔ የማደርገው ይህን ነው። በዚያ መስመር ላይ ያለውን ሁሉ እነቅላለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ የብሬከሩን ምላስ፣ ከውጭ በጣት የሚገፋውን ማብሪያ ማጥፊያ፣ መጀመሪያ ወደ ታች በደንብ እጫነዋለሁ፣ ከዚያ ወደ ላይ እመልሰዋለሁ። ምንም ሳይሰካ ወዲያው ከወረደ ችግሩ በሽቦው ወይም በሶኬቱ ውስጥ ነው፤ እዚያ ላይ እጄን ሰብስቤ ባለሙያ እጠራለሁ። ካልወረደ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየሰካሁ ጥፋተኛውን አገኘዋለሁ። ምላሱን በእጅ ወይም በፕላስተር ይዞ ማቆየት ግን ከንቱ ነው፤ ብሬከሩ ምላሱ ቢያዝም በውስጡ እንዲቆርጥ ተደርጎ የተሠራ ነው።

እኛ በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ አስመጣን። አስቀድሞ የጠየቀን «ሽቦው ስንት ነው?» ብሎ ነበር፤ የመጀመሪያው ሠራተኛ ይህን ጥያቄ ፈጽሞ አላነሣም። ከሳጥኑ እስከ ምጣዱ ለብቻው 4 የሆነ ሽቦ ከነግራውንዱ ዘረጋ፣ ባለ 25 ብሬከር ሰጠው፤ የተቃጠለውን ሽቦና ሶኬት ቀየረ፤ ለቀሩት ሶኬቶችም ባለ 16ቱን መለሰልን። መንዘርን የሚቆርጠውንም መሣሪያ ጨመረበት። እኔ ደግሞ በእያንዳንዱ ብሬከር ሥር የየትኛው ክፍል እንደሆነ በወረቀት ጽፌ ለጠፍኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ምጣዱን ስትጥድ ስቶቩም ላይ ሽሮው ነበር። ወንበሩን ይዤ ኮሪደር ላይ ቆየሁ፤ ከሃያኛው እንጀራ በኋላ እጄን በሳጥኑ ክዳን ላይ ባሳርፍ ለብ ያለ እንኳ አልነበረም።